ሦስተኛው መርፌ

ከባሕር ስገባ፣ ቦት ጫማዬን እንኳ ገና ሳላወልቅ፣
ኔሊዳ ቆማለች በራፉ ላይ፣ ፊቷ የማይታወቅ።
አላለቀሰችም፤ አልጮኸችብኝም፤
ጮኻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልከበደኝም።
አንዲት ብጣሽ ወረቀት፣ ማኅተም ያረፈባት፣
በሰባት ወር ሆዷ ላይ አስደግፋ ያዘቻት።
«ደሜን አይተውት ነው፤ ቂጥኝ አለ» አለች፣
ቃሉን እንደ ዓሣ አጥንት ከጉሮሮዋ አወጣች።
«የእኔን ጀምረዋል፤ ያንተ ነገ ጧት ነው፤
ብቻዬን ብወጋ፣ አንተ ካልዳንክ ያው ነው።»

ማዕበል አይቻለሁ፣ የጀልባ አንገት የሚቆለምም፤
እንደዚያ ክሊኒክ አግዳሚ ግን ያስፈራኝ የለም።
ስድስት ወንዶች ነን፤ ስድስታችንም ግድግዳ እናያለን፤
ግድግዳው ላይ ሥዕል፦ ሙዝ ኮንዶም ለብሶ፤
ወለሉን እናያለን።

ከጥጉ ቴዎዱሎ፣ መረብ አብረን የምንጎትተው፣
ኮፍያውን እስከ አፍንጫው አውርዶ፣ ፊቱን ደብቆ።
«ጥርሴን ነው» አለኝ።
የጥርስ ሐኪሙ ማዶ ነው፣ ሌላ ሕንፃ፣ ሌላ በር።
«እኔም ጥርሴን ነው» አልኩት።

«ማን ሰጠህ?» ትላለች ብዬ ውሸት አዘጋጅቼ፣
የሽንት ቤት መቀመጫ፣ የሰው ፎጣ፣ ሁሉን አሰናድቼ፣
ነርሷ ኤዴልሚራ ግን እስክሪብቶዋን ላጥ አድርጋ፣
«መርፌው ሞልቷል» አለች፣ ዓይኔን ሳትፈልግ፣ ረጋ፣
«የጎደለን ስም ነው። ካንተ ሌላ ለማን ይድረስ?»

ስም።
አንድ ሌሊት፣ ካልያዎ፣ ወደቡ ጀርባ ያለች ቤት።
ዞይላ። ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለኝም።
የአባቷን አላውቅ፣ ሰፈሯን አላውቅ፤
ቢራ ስትቀዳ አረፋውን በማንኪያ እንደምትገፍፍ ብቻ።
ቂጥኙ አይደለም፣ ይህ ነው አንገቴን ያስደፋኝ፦
ገላዋን ያወቅኳትን ሴት፣ ስሟ ግማሽ ሲሆንብኝ።
ኤዴልሚራ እንዳለ ጻፈችው፦ «አረፋ በማንኪያ።»
«የካልያዎ ሰዎቻችን ያገኟታል፤ ያንተን ስም አይነግሯትም፤
መድኃኒት እንዳለ ነው የሚነግሯት።»

መርፌው ወፍራም ነው፤ ፈሳሹ የወፈረ ወተት፤
ዳሌዬ ላይ ገብቶ ይነዳል እስከ አጥንት።
በአንደኛው ሳምንት ዞይላን ረገምኳት።
በሁለተኛው ሳምንት ራሴን።
በሦስተኛው መራገሙም ሰለቸኝ፤
ኔሊዳ መጥታ አግዳሚው ላይ ጎኔ ተቀመጠች።
«አልማርኩህም» አለች፣ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ፤
«መርፌ ስትፈራ ላይህ ነው የመጣሁት።»

ልጅቱ ጉም በበዛበት ወር መጣች።
ከተረከዟ ደም ወሰዱ፤ እሷ ጮኸች፣ እኔ ሮጬ ውጭ ቆምኩ።
ንጹሕ ናት አሉን። ኔሊዳ ያን ቀን አለቀሰች፤
የወራቱን ሁሉ፣ ባንድ ጊዜ።

በኋላ ክንዷን አሳየችኝ፦ ከቆዳዋ ሥር
የክብሪት እንጨት የምታህል ነገር።
«ሦስት ዓመት አልወልድም» አለች፤ አልጠየቀችኝም፣ ነገረችኝ።
በጣቴ ዳሰስኳት። ተንሸራተተች።
«ይቺ ፅንስ ነው የምትከለክል፤ በሽታ አታውቅም፤
እሱ ያንተ ድርሻ ነው» ብላ፣ ሦስት ኮንዶም
ከዝናብ ካፖርቴ ኪስ ከተተች።
«አያስፈልገኝም» አልኩ፣ በእውነት፣ ልቤ እየነደደ።
«የመንሳፈፊያ ጃኬት የምትለብሰው ልትሰምጥ አስበህ ነው?»
እውነቱን ልናገር? ጃኬቱን ለብሼው አላውቅም ነበር።

ትናንት ሌሊት፣ መረቡን ልንጥል ስንል፣
ቴዎዱሎ ተጠጋኝ፤ ሞተሩ ድምፁን እየዋጠው፣
«ጥርስህስ?» አለኝ።
«ዳነ። ያንተስ?»
ዝም አለ። ገመዱን ጠቀለለ፣ ፈታ፣ ደግሞ ጠቀለለ።
«ሁለቱን ወስጄ ሦስተኛውን ቀረሁ። አሁን እንደ አዲስ ነው ይላሉ።»
ከኪሴ ሁለቱን አውጥቼ መዳፉ ላይ አኖርኩለት።
«ሐሙስ ስንገባ» አልኩት፣ «አግዳሚው ላይ አብሬህ እቀመጣለሁ፤
የእኔንም ጥርስ ሳያመኝ አይቀርም።»